«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ»፦ ምርቃቱ የሚጠራው ማንን ነው?

ተዝካር ላይ ነው። ከከተማ የመጣው ልጅ ድንኳን አስተክሏል፣ ሰንጋ አሳርዷል፣ ካህናቱን አብልቶ አጠጥቷል። መብሉ ሲያበቃ አንዱ ይነሣና «እናቱን ጦሮ ቀበረ፤ እንዲህ ያለ ጧሪ ቀባሪ ይስጠን» ይላል። ድንኳኑ ሙሉ አሜን ይላል። ከጓዳ በኩል ዓይኗ በጭስ የቀላ ምራት አለች። ሟቿን ስድስት ዓመት ያገላበጠች እሷ ናት፤ ስሟን ያነሣ የለም።

ከዚህም የባሰ አለ። «ጧሪ ቀባሪ ያጣ መንገድ»፣ «ጧሪ ቀባሪ የሌለው ክለብ» ማለት ተለምዷል። መንገድ ይጠገናል እንጂ አይጦርም። ክለብም ቢሆን ሲፈርስ ይፈርሳል፤ ፍትሐት የለውም።

ንግግሩ በመሠረቱ የሽማግሌና የአሮጊት ምርቃት ነው። ውኃ ላቀበለ፣ ሸክም ላገዘ፣ ደጀ ሰላም ላይ ቁራሽ ለዘረጋ ልጅ ይሰጣል፦ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ»። የሚመረቀው ብዙውን ጊዜ ገና ጉልበት ያለው ወጣት ነው። መራቂው ልጁን ሳይሆን ልጁ የሚሆነውን ሽማግሌ እያየ ነው የሚናገረው።

«ጦረ» የሚለው ግስ ከግእዙ «ጾረ» የመጣ ነው፤ ተሸከመ፣ ቻለ ማለት ነው። «ጾረ መስቀለ» ሲባል መስቀል ተሸከመ ነው። ስለዚህ ጧሪ በሥሩ ተሸካሚ ነው። ገንዘብ ሰጪ የሚለው ትርጉም ከቃሉ ውስጥ የለም፤ ከሸክሙ ጋር አብሮ የመጣ ነው ቢባል ግን ያስኬዳል።

እዚህ ላይ አንድ ግምት አለኝ። በጎጃም ገጠር፣ ከደጀን እስከ ቡሬ መኪና በማይገባበት ሁሉ፣ የታመመ ሽማግሌ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው በቃሬዛ ነው። ሁለት ጠንካራ አጣና፣ በመካከሉ ጠፍር ወይም ጋቢ፣ አራት ሰው በአንድ ጊዜ፣ ለመቀያየር ቢያንስ ሌላ አራት። ዳገት ሲወጣ ራስጌው ይቀድማል፣ ቁልቁል ሲወረድ ግርጌው፤ አለዚያ የበሽተኛው ራስ ዝቅ ብሎ ደም ወደ ራሱ ይሄድና ትንፋሽ ያጥረዋል። ያው ቃሬዛ፣ ያው ትከሻ፣ ሌላ ቀን ሬሳውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳል። «ጧሪ ቀባሪ» ያለ «እና» የተጣበቀው ለዚህ ይመስለኛል። በሕይወት የተሸከመና በሞት የተሸከመ አንድ ሰው ነው። «ጧሪና ቀባሪ» ብሎ መነጠል የኋላ ሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ግምት ከርስት ይነሣል፤ እኔም ወደዚህኛው አደላለሁ። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር ለአንድ ማሳ ባለ መብቱ ብዙ ነው። ሽማግሌው እስኪሞት ድረስ መሬቱ በእጁ ነው፤ ጉልበቱ ሲከዳው የቀረው ኃይል ይኸው መሬት ብቻ ነው። ማረስ ሲያቅተው በእኩል ይሰጣል፣ ወይም አንዱን ልጅ ከራሱ ጋር ያስቀራል። «ጦሮ ለቀበረኝ» የሚለው የኑዛዜ ቃል የተወለደው እዚህ ይመስለኛል፤ ምርቃቱ ከኑዛዜው የተቀዳ ነው እላለሁ። ስለዚህ «ጧሪ ቀባሪ» ሁለት ግዴታ ያለበት የአንድ ውል ስም ነው፤ አንዱን ትቶ ሌላውን የፈጸመ ውሉን አፍርሷል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስት ቢቀርም ሐሳቡ አልሞተም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የቤተሰብ አባልን ሲተረጉም የደም ዝምድና አልጠየቀም፤ የባለይዞታውን መተዳደሪያ ተጋርቶ በቋሚነት አብሮት የሚኖር ሰው ብሎ ነው ያስቀመጠው። አብሮ የኖረ፣ አብሮ የበላ። የድሮው ሽማግሌ ቢሰማው «ጧሪ ማለታችሁ ነው» ይል ነበር።

አሁን መጦር ራሱ ምን እንደሆነ እንይ፤ ንግግሩን እንዳሻው የሚወረውረው ሰው የማያውቀው ይህንን ነው።

ከመኝታ ይጀመራል። የሽማግሌ መደብ ከምድጃው አይርቅም፣ እጅ እስኪደርስም አይቀርብም። በእርጅና እግር ስሜት ያጣል፤ ረመጥ ሲያቃጥለው የሚያውቀው ሽታው ከመጣ በኋላ ነው። ከሥር የጤፍ ጭድ በወፍራሙ ይነጠፋል፣ በላዩ ቁርበት፣ በቁርበቱ ላይ ጋቢ ወይም አንሶላ። ቁርበት ብቻውን ያልባል፣ ሲደርቅም ይጨማደዳል፤ መጨማደዱ ስስ ቆዳ ላይ እንደ ቢላ ነው። ጭዱ ሲረጋ ይለወጣል፣ ቁርበቱ ፀሐይ ይመታል።

ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም። ግራ ጎን፣ ጀርባ፣ ቀኝ ጎን። አጥንትና መደብ የሚገናኙባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፦ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ዳሌ፣ የጅራት አጥንት፣ ትከሻ፣ ክርን። ከባቱ ሥር የተጠቀለለ ነጠላ ገብቶ ተረከዙ አየር ላይ ይቆያል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላት ስለማይታይ ቁስል እስኪከፈት የሚጠብቅ ብዙ ነው፤ እጅ ግን ቀድሞ ያውቃል። ቦታው ከዙሪያው ከሞቀ፣ ከጠነከረ ወይም ከጠቆረ ቁስሉ ከውስጥ ጀምሯል። ያን ጊዜ በቅቤ ማሸት ጥፋት ነው፤ የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይቀጠቅጠዋል። ክብደቱን ከዚያ ቦታ ማንሣት ነው እንጂ መድኃኒቱ ሌላ አይደለም። ሲያነሡትም ብብቱን ይዞ መጎተት የለም። ሁለት ሰው ከሥሩ ያለውን ጋቢ በአራት ማዕዘኑ ይዞ ከፍ አድርጎ ያዛውረዋል፤ መጎተት ቆዳ ይገፋል።

ምግቡ ከጥርሱ ጋር ይሄዳል። ትኩስ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ እርጎ። ከጮቄ ተራራ ሥር ባለው ደጋ እንግዶ የሚሉት አጃ አለ፤ ተቆልቶ፣ ተሸክሽኮ፣ ተፈጭቶ በጥሩ ወንፊት ይነፋል። ንፊያው ላይ የሰነፈ ጧሪ ይታወቃል፤ የቀረው ገለባ ጉሮሮ ላይ ይሰካና ሽማግሌው ሌሊቱን ሲያስል ያድራል። ለግማሽ ሊትር ውኃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ በፈላ ውኃ ላይ በቀጥታ ከተነዛ ይጓጉላል። ከዚያ እያማሰሉ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ማብሰል ነው። ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ አጥሚቱን ማቅጠን ሳይሆን ማወፈር ነው፤ ቀጭን ነገር ፈጥኖ ወደ መተንፈሻ ይገባል። ተንጋሎ አይጎርስም። ቀና ብሎ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ ይጎርሳል፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት እንደተቀመጠ ይቆያል። በእርጅና ዘመን ሳንባ ምች የሚመጣው ሁልጊዜ በብርድ አይደለም፤ በዚህ በኩልም ይመጣል።

ውኃ ሌላ ጣጣ ነው። ሽማግሌ አይጠማውም፤ ቢጠማውም ሌሊት ለሽንት መነሣቱን ፈርቶ ይተወዋል። ከዚያ ሆዱ ይደርቃል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ አመሻሹ ላይ የሞተ ወንድሙን እየጠራ ይቃዣል፤ ቤተሰቡ ጠበል ይዞ ይሮጣል። ጠበሉም ደግ ነው፤ ግን ይጠጣ። ዘዴው በሲኒ ማጠጣት ነው። አንድ ጣሳ ውኃ ያስፈራዋል፣ አንድ ሲኒ አያስፈራውም፤ ሃያ ሲኒ ገደማ ሲሞላ የቀኑ ተገኘ። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ላይ ሕመም ያለበት ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይቁረጥ። ተልባም ውኃ ካልተከተለው ሆድ ውስጥ እንደ ጭቃ ይደርቃል እንጂ አይፈታም።

ማታ እግር ይታጠባል። እንግዳ ሲመጣ የሚደረገው ዓይነት ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ እግርን ለማየት ነው። ውኃው በክርን ይለካል፤ እሱ ሙቀቱን ላያውቀው ይችላል። በጣቶች መካከል የተሰነጠቀ፣ ተረከዝ ላይ የተላጠ ካለ ያኔ ይገኛል። ጥፍር ሩብ ሰዓት ከራሰ በኋላ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ጥጉ ከተቦረቦረ ሥጋ ውስጥ ያድጋል። ምርኩዙ ቆሞ እጁን ሲያወርድ አንጓው ጋ ይድረስ፤ ከዚያ የረዘመ ትከሻ ይሰቅላል፣ ያጠረ ያጎብጣል። ከመደቡ እስከ በሩ ያለው መንገድ ላይ ዱካም፣ ሙቀጫም፣ የተኛ ጥጃም አይኑር።

ሥጋው ብቻ አይደለም የሚጦረው። የጽዋ ማኅበሩ ተራ ሲደርስ በሱ ስም ይደገሳል፤ «አርጅቷልና ይለፈው» ማለት በቁም መቅበር ነው። የንስሐ አባቱ ይጠራሉ። በሬ ሲሸጥ፣ ዘር ሲመረጥ ይጠየቃል፤ ምክሩ ባይያዝም ይጠየቃል።

ቀባሪነት ከዚህ ሁሉ በኋላ አጭር ነው። ግንዛቱ፣ የእጅና የእግር አውራ ጣቶች መታሰራቸው፣ ከፈኑ (ብዙ አሮጊቶች ራሳቸው ገዝተው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል)፣ ፍትሐቱ፣ ከዚያ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። ዕድሩ ያግዛል፣ ጎረቤት ይቆፍራል። ቀባሪ ብቻውን አይቀብርም፤ ሌሊት የምታገላብጥ ሴት ግን ብቻዋን ናት።

ቃሉ ቤቱን ለቆ መንከራተት የጀመረው፣ እንደሚመስለኝ፣ «ጡረታ» መሥሪያ ቤት ሲገባ ነው። በ1953 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ከወጣ በኋላ ጡረታ የወር ገንዘብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ የላከ ሁሉ ጧሪ ነኝ ማለቱ አይገርምም። የሕግ ሰዎች እንኳን ጠንቃቆች ናቸው፤ ልጅ ለወላጅ የሚቆርጠውን «ቀለብ» ይሉታል፣ ጧሪ አይሉትም። ቀለብ ደግሞ አይናቅም፤ መድኃኒቱንና ሳሙናውን የሚገዛው እሱ ነው። ስሙ ግን ቀለብ ነው።

ስለዚህ ተዝካር ላይ የሚነሣው ተናጋሪ ከመናገሩ በፊት ወደ ጓዳ ብቅ ብሎ ይጠይቅ። «ቀለብ ሰፋሪው ይኸው ልጇ ነው፤ ጧሪዋ ምራቷ እገሊት ናት» ቢል ከአፉ ምንም አይጎድልም። ሴትዮዋም እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ትወጣለች፤ ምርቃቱን ቆማ ትቀበል።