ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ የሚወጣ አሞኒያ አለካክ፣ በኮምቦልቻ ዓይን

ኮምቦልቻ ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ አለ፣ በ2009 ዓ.ም ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ስለ ቦርከና ወንዝ ብዙ ይወራል፣ ስለ ጭሱ ግን ያን ያህል አይወራም፣ እኔ እኩል ሊወራለት ይገባል ባይ ነኝ።

አሞኒያ የሚባለው የሚሰነፍጥ ጋዝ አንዳንዴ ከስራው ይመጣል፣ ለምሳሌ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ኖራውን ለማስለቀቅ የአሞኒየም ጨው ሲጨመር ይተናል፣ አየሩን ስክራበር (ጋዝ ማጠቢያ) ውስጥ አሳልፈው አሲድ ያለበት ውሃ ይረጩበታል። የሚገርመው ግን ራሱ የጭስ ማጽጃው የሚለቀው ነው። ትላልቅ ቦይለሮች፣ የሲሚንቶ ምድጃዎችና ቆሻሻ ማቃጠያዎች ናይትሮጅን ኦክሳይድን (ከማቃጠል የሚመጣ ጎጂ ጋዝ ነው) ለማጥፋት አሞኒያ ወይ ዩሪያ ይረጫሉ፣ በካታሊስት (ምላሹን በሚያፋጥን ቁስ) ከሆነ በአብዛኛው ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ላይ፣ ያለ ካታሊስት ከ850 እስከ 1,100 ዲግሪ ላይ፣ ሙቀቱ ከወረደ ወይ ርጭቱ ከበዛ ሳይዋሃድ የቀረው አሞኒያ በጭስ ማውጫው ይወጣል ማለት ነው። ነዳጁ ሰልፈር ካለው ደግሞ የሚያጣብቅ ጨው ሆኖ የአየር ማሞቂያውን ይደፍነዋል።

አለካኩ ላይ ነው ችግሩ ያለው። ወይ ሌዘር ጭሱን አቋርጦ ያልፋል፣ ወይ ጋዙ በቱቦ ተስቦ ወደ መለኪያው ይሄዳል፣ ቱቦው ታዲያ እስከ መጨረሻው 180 ዲግሪ አካባቢ መሞቅ አለበት። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟ አንድ ማጠፊያ ላይ ማሞቂያው ከተበላሸ ጤዛ ይያዛል፣ ጋዙ እዛው ይቀራል፣ ስክሪኑ ላይ ጥሩ ቁጥር እየታየ ጭስ ማውጫው ይለቃል። ማጠፊያውን ፈታ አድርጋችሁ ጠብታውን ቀይ የሊትመስ ወረቀት ብታስነኩት ሰማያዊ ሊሆን ይችላል፣ አሞኒያው እዛ አለ ማለት ነው።

ሌላው ከፍታው ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል 80 ከመቶ አካባቢ ነው፣ 1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) አሞኒያ 0.76 ሚሊግራም በኪዩቢክ ሜትር የሚሆነው በ0 ዲግሪና በባህር ጠለል ግፊት ነው፣ ስለዚ ሚሊግራም የሚለካ መሳሪያ ግፊቱ ካልተስተካከለለት አንድ አምስተኛ ያህል አሳንሶ ያነባል፣ ደሴ ላይማ ይብሳል።

በአፍንጫ መተማመን አያዋጣም፣ ብዙ ሰው 5 ፒፒኤም አካባቢ ይሸተዋል ግን አፍንጫ ይለምዳል፣ 300 ፒፒኤም ደግሞ ለህይወት ያሰጋል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ና የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 አሉ፣ ደንቡ ፋብሪካው ራሱ የሚለቀውን እየተከታተለ እንዲመዘግብ ያዛል። መዝገቡ ላይ ከቁጥሩ ጎን ሙቀቱ፣ ግፊቱና ካሊብሬሽን (መጠኑ በታወቀ ጋዝ መሳሪያውን ማስተካከል) የተደረገበት ቀን ይኑር፣ የካሊብሬሽን ጋዙም በቀጥታ ማሽኑ ላይ ሳይሆን ከቱቦው ጫፍ፣ ጭስ ማውጫው ጋ ይግባ።