ስሌቭ ናራቲቭ ምንድን ነው?

ባጭሩ፣ ከባርነት ያመለጠ ወይም ነፃ የወጣ ሰው የገዛ ሕይወቱን ራሱ ጽፎ፣ መጻፍ ካልቻለም እየተናገረ አስጽፎ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። እንግሊዝ ውስጥም ቀደም ብለው የወጡ አሉ፣ ገበያው የደራው ግን አሜሪካ ውስጥ ከ1830ዎቹ ጀምሮ የእርስ በርስ ጦርነቱ እስከተነሳበት እስከ 1861 ድረስ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ታዲያ ኦቶባዮግራፊ ነዋ ትሉ ይሆናል። ነው፣ ግን እሱ ብቻ አይበቃም። ሌላው ሰው ሕይወቱን ሲጽፍ ቢያጋንን ቢያሳንስ ማን ይጠይቀዋል፣ እነዚህን ግን አንባቢው ገና ሽፋኑን ሲያይ "ይሄ እውነት ነው?" ብሎ ነው የሚጀምራቸው፣ ስለዚህ የጌታቸውን ስም፣ መንደሩን፣ ጅራፉን የያዘውን ሰው ሳይቀር እየጠሩ መጻፍ አለባቸው። በዚያው ልክ ደግሞ ማን እንደደበቃቸው፣ በየት በኩል እንደወጡ ከተናገሩ ከኋላ የቀሩት ሰዎች አለቀላቸው። አንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁሉን መናገርም ዝም ማለትም! ለኔ እነዚህን መጻሕፍት ልዩ የሚያደርጋቸው ይሄ ነው፣ ጀብዱው ሁለተኛ ነው፣ ጀብዱውም ቢሆን ግን ጉድ ነው።

ፍሬድሪክ ዳግላስን እንውሰድ። ሜሪላንድ ተወልዶ በ1838፣ 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው አመለጠ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማሳቹሴትስ ውስጥ የፀረ ባርነት ማኅበሩ ተናጋሪ ሆኖ ከከተማ ከተማ መዞር ጀመረ። ችግሩ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሰውየው አፉ ጤፍ ይቆላል። የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው እንዲህ ሊናገር አይችልም፣ ይሄ ባሪያ ሆኖ አያውቅም መባል ተጀመረ፣ እንዲያውም ወዳጆቹ ራሳቸው ትንሽ የባሪያ አነጋገር ጣል አድርግበት እንጂ ይሉት ነበር። እሱም በ1845 ጻፈው፣ ጌታዬ ቶማስ ኦልድ፣ የገረፈኝ ኤድዋርድ ኮቪ፣ ካውንቲው ታልቦት ብሎ ስም ከነአድራሻ። በሕጉ ገና የሰው ንብረት ነበር እኮ! መጽሐፉን ማሳተም "ያለሁት እዚህ ነው ኑና ውሰዱኝ" እንደማለት ስለነበር በዚያው ዓመት ወደ አየርላንድና እንግሊዝ ሄዶ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ፣ እዚያ ያፈራቸው ወዳጆች 150 ፓውንድ አዋጥተው ከኦልድ ቤተሰብ ገዝተው ነፃ አወጡት። (ዲሲ ያላችሁ፣ በኋላ የኖረበት ቤት አናኮስቲያ ውስጥ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል፣ ሄዳችሁ እዩት።)

ከሁሉ የሚያስቀው፣ ቶምፕሰን የሚባል የዚያ አገር ሰው መጽሐፉ ውሸት ነው ብሎ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ኮቪን አውቀዋለሁ፣ ኦልድን አውቀዋለሁ፣ ደህና ሰዎች ናቸው፣ ያንንም ልጅ ፍሬድሪክ ቤይሊ ሲባል አውቀው ነበር፣ እሱ ይሄን ሊጽፍ አይችልም አለ። ዳግላስ በመልሱ አመሰገነው፣ ባሪያ አልነበርክም ለሚሉኝ ሁሉ አንተው መሰከርክልኝ ብሎ።

እነዚህን መጻሕፍት ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታገኙት ብዙ ጊዜ የነጭ ሰው ደብዳቤ ነው፣ "ይሄን ሰው አውቀዋለሁ፣ እውነቱን ነው" የሚል ዋስትና መሆኑ ነው። የዳግላስም ላይ የፀረ ባርነት ትግሉ መሪዎች የጋሪሰንና የዌንደል ፊሊፕስ አለ፣ ሽፋኑ ላይ ደግሞ "በራሱ የተጻፈ" ይላል። ያናድዳል፣ ግን ምክንያት ነበራቸው፣ በ1838 ጄምስ ዊልያምስ የሚባል ሰው አስጽፎት የወጣ አንድ መጽሐፍ አላባማ ያሉት ሰዎች እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ጋ የለም ብለው ሲነሱበት ያሳተመው የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር ማረጋገጥ አቅቶት ከገበያ ሰብስቦታል።

ዝም ወደማለቱ ስንመጣ ሄንሪ ቦክስ ብራውን አለላችሁ (ቦክስ ማለት ሣጥን ነው፣ ቅጽል ስሙ ነው)። ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ትምባሆ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፣ በ1848 ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ልጆቹን ሸጡበት፣ በማርች 1849 ራሱን ሣጥን ውስጥ አሳሽጎ ወደ ፊላደልፊያ በካርጎ አስላከ። ቀልድ አይደለም። ሣጥኑ ርዝመቱ 90 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 80፣ ወርዱ 60 ነው፣ ትልቅ ሰው ተጣጥፎ ካልሆነ አይገባበትም፣ የያዘውም ውሃ፣ ጥቂት ብስኩትና አየር ቢያጥረው ቀዳዳ የሚያበጅበት መሰርሰሪያ ነው። 27 ሰዓት፣ በጋሪ፣ በባቡር፣ በመርከብ። ላዩ ላይ "በዚህ በኩል ወደ ላይ" ተብሎ ተጽፏል፣ ማን ያነባል፣ መርከቡ ላይ ዘቅዝቀው አስቀመጡት፣ ዓይኑ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ድምፅ ቢያሰማ ግን ያለቀ ነገር ነው፣ እንደዚያ እያለ ሁለት መንገደኞች መቀመጫ ፈልገው ሣጥኑን አጋድመው ተቀመጡበትና ተረፈ። ፊላደልፊያ ሲከፍቱት እንዴት ናችሁ ብሎ ብድግ አለ፣ ከዚያ መዝሙር 40ን ዘመረላቸው፣ "ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት" የሚለውን።

በዚያው ዓመት ሣጥኑ ከነልኩ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ዳግላስ ደስ አላለውም፣ በ1855 ባወጣው ሁለተኛ መጽሐፉ ነገሩ ባይወራ ኖሮ በዓመት ሺህ ቦክስ ብራውን ይመጣልን ነበር ብሎ ጽፏል። እውነቱን ነው፣ ሣጥኑን ያሸገለት ሳሙኤል ስሚዝ ሌሎችን በዚያው መንገድ ሊልክ ሲል ተይዞ ወህኒ ወርዷል። ለብራውን ግን ትንሽ ልከራከርለት፣ ወሬውን ከመጽሐፉ ቀድመው ጋዜጦች አውጥተውት ነበር።

ዳግላስ ራሱ እንዴት እንዳመለጠ የተናገረው በ1881 ነው፣ ባርነት ከቀረ ከስንት ዓመት በኋላ። መርከበኛ መስሎ ለብሶ፣ የአንድ ጥቁር መርከበኛ ወዳጁን መታወቂያ ወረቀት ተውሶ ከባልቲሞር ባቡር ተሳፈረ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መልክ የሱን አይመስልም፣ ትኬት ቆራጩ ላዩ ላይ ያለውን የአሜሪካ ንስር አየት አድርጎ አለፈው። በቃ ይኸው ነው። ለዚህ 43 ዓመት አፉን ዘጋ።

ክራፍቶቹም፣ ዊልያምና ኤለን፣ ከጆርጂያ በ1848 አምልጠው የጻፉት በ1860 ለንደን ተቀምጠው ነው። ኤለን መልኳ ነጭ ስለሚመስል ጸጉሯን ተቆርጣ ሱሪ ለብሳ የታመመ ወጣት ጌታ ሆነች፣ ባሏ አሽከሯ። ቀኝ እጇን ያሰረችው ለምን መሰላችሁ፣ መጻፍ ስለማትችል ሆቴል መዝገብ ላይ ፈርም እንዳትባል! በገና ዕለት ፊላደልፊያ ገቡ።

ሃሪየት ጄኮብስ ደግሞ ስሟንም ደበቀች። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አያቷ ቤት፣ ከጣሪያው ሥር ቁመቱ አንድ ሜትር የማይሞላ ቦታ ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት እስኪቀር ተደብቃ ኖረች፣ ልጆቿን በበሳችው ቀዳዳ ነበር የምታያቸው፣ ጌታዋ ደግሞ ሩቅ አገር ሄዳለች ብሎ እንዲያምን ደብዳቤ እየጻፈች ከኒውዮርክ እንዲላክለት ታደርግ ነበር። መጽሐፏ በ1861 ሊንዳ ብሬንት በሚል ስም ወጣ፣ የሰዎቹንም ስም ቀያይራለች፣ ጌታዋ ያደርስባት የነበረውን የወሲብ ትንኮሳ በግልጽ ስለጻፈች መደበቋ አይገርምም። መዘዙ ግን ከ100 ዓመት በላይ ብዙ ምሁራን ልብወለድ ነው ሲሉ ኖሩ፣ በ1980ዎቹ ጂን ፌገን የሊን የምትባል ተመራማሪ ደብዳቤዎቿን አገላብጣ ሰዎቹም ቦታውም እውነተኛ መሆናቸውን እስክታረጋግጥ ድረስ።

ማንበብ ለሚፈልግ ኮፒራይታቸው ስላለቀ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሰብስቦ ኦንላይን በነፃ አስቀምጧቸዋል። ከዳግላስ የ1845ቱ ጀምሩ፣ አጭር ነው፣ ከዚያ ጄኮብስን፣ እሷ ትከብዳለች ግን እንዳትተዋት።