ስለ «ሊሚትድ ኤዲሽን» ኮርቬት ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ሰው ደወለልኝ። የሦስቱም ጥያቄ አንድ ነው። «የ78 ፔስ ካር አግኝቻለሁ፣ ሊሚትድ ኤዲሽን ነው፣ 600 ማይል ብቻ ነው የተነዳው፣ ልግዛው?» ቨርጂንያ ውስጥ ጋራዥ ከፍቼ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የቆየ ኮርቬት ደግሞ ከሁሉም መኪና አብልጬ እወዳለሁ። ይኼን ጥያቄ በስልክ መመለስ ግን ሰልችቶኛል። አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ኮርቬት ሼቭሮሌ ከ1953 ጀምሮ የሚሠራው የስፖርት መኪና ነው። በ1978 25 ዓመት ሞላውና የዚያ ዓመት የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ፔስ ካር ሆኖ ተመረጠ፤ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ተወዳዳሪዎቹን ከፊት ሆኖ የሚመራው መኪና ማለት ነው። ሼቭሮሌም አምሳያውን «ሊሚትድ ኤዲሽን»፣ ማለትም በቁጥር የተወሰነ፣ ብሎ ለሕዝብ ሸጠ። ላዩ ጥቁር፣ ታቹ ብርማ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር። በጣም ያምራል፣ እሱን አልክድም።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት እንምጣ። «ጥቂት ነው የተሠራው፣ ስለዚህ ዋጋው ሰማይ ነው።» በፍጹም! የተሠራው 6,502 ነው። መጀመሪያ የታሰበው ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር፤ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ሻጭ ቢያንስ አንድ ይድረሰው ተባለ። የዚያ ዓመት ኮርቬት በጠቅላላ 46,776 ነው። ከሰባት ኮርቬት አንዱ ፔስ ካር ነበር ማለት ነው። ይኼ ነው እንግዲህ «ሊሚትድ» የሚባለው።

ከቁጥሩ የባሰው ደግሞ ሰዉ ያደረገው ነገር ነው። የተለጠፈበት ዋጋ 13,653 ዶላር ነበር፤ ተራው ኮርቬት ወደ 9,350 ገደማ ነው። ዎል ስትሪት ጆርናል ሳይቀር ስለዚህ መኪና ጻፈ። ከዚያ በኋላ እብደት ሆነ፤ የተለጠፈውን ዋጋ እጥፍ እየከፈለ የገዛ ሰው አለ። ገዝተው ግን አልነዱትም። ሽፋን አልብሰው፣ የወንበሩን ላስቲክ እንኳ ሳይነቅሉ፣ ለልጅ ልጅ ይሆናል ብለው ጋራዥ ውስጥ ቆለፉበት። ሁሉም እንደዚያ ስላደረገ መኪናው አላለቀም። ዛሬ 600 ማይል የተነዳ ፔስ ካር ስታገኙ ብርቅ ነገር ያገኛችሁ ይመስላችኋል፤ እንዲያውም ከሌላ ኮርቬት ይልቅ ሳይነዳ ማግኘት የሚቀለው እሱ ነው። የ1978ቱ 13,653 ዶላር በዛሬ ገንዘብ ከ60 ሺህ ይበልጣል። እኔ ጋ የሚመጡት ንጹሕ የሚባሉት ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ሺህ ነው። አስሉት።

እዚሁ አካባቢ የምናከብራቸው አንድ ጋሼ አሉ። ለልጄ ኮሌጅ ይሆነኛል ብለው አንዱን ገዙ፤ 1,100 ማይል የተነዳ። ስምንት ዓመት ሙሉ አልነዱትም፣ ሞተሩንም አላስነሱትም። ሊሸጡት ሲያስቡ በፍላት ቤድ አስጭነው አመጡልኝ። ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ቤንዚን ሬንጅ መስሎ ነበር። በዚያ ዘመን ኮርቬት ፍሬኑ በየጎማው አራት ፒስተን ነው ያለው፤ ካሊፐሩ፣ ፒስተኖቹን የሚይዘው ቤት፣ ብረት ስለሆነ መኪናው ዝም ብሎ ሲቆም እርጥበት ውስጡን ይበላዋል። አራቱም ያፈሱ ነበር። ቱቦዎቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። ጎማዎቹ ከፋብሪካ የመጡት ናቸው፣ እሳቸውም በዚህ ይኮሩ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ጎማ አውራ ጎዳና ላይ እንዲወጡ አልፈቀድኩም። ሁሉንም ሠርተን ሲሸጥ የገዙበትን እንኳ አልመለሰም። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ሊነዱት ይችሉ ነበር።

ጥቂት የሆነ ኮርቬት ካማራችሁ ሰው በጊዜው ያልፈለገውን ተመልከቱ። በ1967 ኤል 88 የሚባል ሞተር ነበር። ፋብሪካው ገዢ እንዳይበረታታ ብሎ ጉልበቱን ዝቅ አድርጎ 430 የፈረስ ጉልበት ብሎ ጻፈው፤ ሬዲዮ የለው፣ ማሞቂያ የለው፣ ለውድድር የተሠራ ነው። «ሊሚትድ» ያለው ሰው አልነበረም። የዚያ ዓመት የተሠራው 20 ብቻ ነው። አንዱ በ2014 በጨረታ 3.85 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ሞተሩ ልዩ ነው።» አይደለም። እንደ ማንኛውም የ78 ኮርቬት 185 ወይም 220 የፈረስ ጉልበት ነው።

«ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሮጧል።» የሮጡት ሌሎች ናቸው፤ የእናንተው አምሳያ ነው።

«በሩ ላይ ጽሑፉ ከሌለ ፎርጅድ ነው።» ስቲከሩ ሳይለጠፍ ነበር ከመኪናው ጋር የሚመጣው፤ የፈለገ አስለጠፈ፣ ያልፈለገ ተወው። ስቲከር መኖሩም ምንም አያረጋግጥም፣ ማንም ገዝቶ ይለጥፋል። ከፊት መስታወቱ ጥግ የሚታየውን የሻንሲ ቁጥር አንብቡ። የመጨረሻዎቹ ስድስት አኃዞች በ9 ካልጀመሩ ፔስ ካር አይደለም። ሻጩ ምንም ይማል፣ አይደለም። ሁለት ዓይነት ብርማ ቀለም የተቀባው የ25ኛ ዓመት መታሰቢያ ደግሞ ሌላ መኪና ነው፣ ከእሱ 15,283 ተሠርቷል።

«የ86ቱ ፔስ ካር ቢጫው ብቻ ነው።» የዚያ ዓመት ጣሪያው የሚታጠፍ ኮርቬት ሁሉ፣ 7,315ቱም፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ፔስ ካር ተብሏል።

«የ83 ኮርቬት የሚሸጥ አለ።» የለም። ለሙከራ ከተሠሩት የተረፈው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ኬንታኪ፣ ቦውሊንግ ግሪን ሙዚየም ውስጥ ነው።

«ግራንድ ስፖርት የሚባለው ኮርቬት ሁሉ ብርቅ ነው።» የ1996ቱ 1,000 ብቻ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ያለው፣ እኔም ብችል የምገዛው። ከ2010 እስከ 2013 የተሠራው ግን የዘወትር ሞዴል ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ።

«ቦዲው ፋይበርግላስ ስለሆነ አይዝግም።» ይኼ ገንዘብ ያስበላል። ቦዲው ባይዝግም ሻንሲው ብረት ነው። የፊት መስታወቱን የሚይዘው ፍሬምም ብረት ነው፣ ዝገቱም ተደብቆ ነው የሚበላው። እዚያ ከዛገ ጥገናው የመኪናውን ዋጋ ሊያህል ይችላል። ማይሉን ከመጠየቃችሁ በፊት መኪናውን ሊፍት ላይ አሰቅሉና ከሥሩ ግቡ፤ ምንጣፉንም ከፊት በኩል ገለጥ አድርጉ።

ከደወሉልኝ ሦስት ሰዎች ሁለቱ አልሰሙኝም። ሦስተኛው፣ ወጣት ልጅ ነው፣ መንዳት እንደሚፈልግ ሲነግረኝ ተራ የ1979 ኮርቬት ፈልግ አልኩት። የዚያ ዓመት 53,807 ነው የተሠራው፣ ስለዚህ አማራጭ ሞልቷል። መልኩ ያው ነው። በ78ቱ ፔስ ካር የመጣው ወንበር በ79 ለሁሉም ሆኗል። ትናንት ፎቶ ላከልኝ። 71 ሺህ ማይል የተነዳ፣ ፍሬኑ አዲስ፣ ከሥሩ ንጹሕ። ቅዳሜ ይዞት ይመጣል፣ ዘይት እንቀይርለታለን።