የቱርክኛ ዓረፍተ ነገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቱርክኛ የዓረብኛ ዘመድ ነው»
አይደለም። እስከ 1928 እ.ኤ.አ. በዓረብ ፊደል ይጻፍ ስለነበርና እንደ ኪታፕ (መጽሐፍ) ያሉ የዓረብኛ ቃላት ስለሞሉበት ነው ሰው የሚሳሳተው። የዓረብኛ ዘመድስ አማርኛ ነው። ቱርክኛ የእነ ኡዝቤክኛና የእነ አዘርባይጃንኛ ወገን ሲሆን ዛሬ በ29 የላቲን ፊደላት ይጻፋል።

«የቃላቱ ቅደም ተከተል ግራ ያጋባል»
በእንግሊዝኛ በኩል ለሚማር ያጋባል። «አሊ ኤክሜክ ዬዲ» ግን በቀጥታ «አሊ ዳቦ በላ» ነው። ባለቤቱ ቀደመ፣ ግሱ ጨረሰ። እንግሊዝኛን መሃል አስገብቶ መተርጎም ትርፉ ድካም ነው።

«ተሳቢ ሁልጊዜ ቅጥያ ይፈልጋል»
እዚህ ላይ ጀማሪው አማርኛውን ቢያምን ይሻለዋል። «ኤክሜክ ዬዲም» ዳቦ በላሁ ማለት ነው፤ የትኛው ዳቦ እንደሆነ አልተለየም። «ኤክሜዪ ዬዲም» ካልን ግን ዳቦውን በላሁት ሆነ። መጨረሻ ላይ የመጣችው «ኢ» የእኛን «ው» እና «ን» ሥራ ደርባ ትሠራለች። የተጸውዖ ስምም ያው ነው፦ «አሊዪ ሴቭዲም»፣ አሊን ወደድኩት። ልዩነቱ እኛ ግሱ ላይ «ት» እንጨምራለን፣ ቱርኮች አይጨምሩም።

«ነው የሚል ቃል የግድ ያስፈልጋል»
«አሊ ዶክቶር» ብሎ ማቆም ይበቃል፤ አሊ ሐኪም ነው። ስለ ራስ ሲሆን «ዶክቶሩም» (ሐኪም ነኝ) ይባላል። «ቤን» (እኔ) ባይጠራም ችግር የለም።

«ወንድና ሴት በግሱ ይለያሉ»
አይለዩም። «ጌልዲ» መጣም መጣችም ነው፤ «ኦ» እሱም እሷም ነው። አክብሮት ግን አለ፦ አንተና አንቺ «ሴን» ሲሆኑ፣ እርስዎ «ሲዝ» ነው፤ እናንተም ያው «ሲዝ»።

«ከቁጥር በኋላ ስሙ ይበዛል»
ብዙ ቁጥር ላር ወይም ሌር ነው፤ የቀደመውን አናባቢ ይከተላል፦ ኪታፕላር፣ ኤቭሌር (ቤቶች)። ቁጥር ከተጠራ ግን ይቀራል፦ «ቤሽ ኪታፕ»፣ አምስት መጽሐፍ።

«ጥያቄ በድምፅ ብቻ ይለያል»
«ሚ» አለች፣ ለብቻዋ የምትጻፍ። «አሊ ጌልዲ ሚ?» አሊ መጣ ወይ? ቦታዋን ስትቀይር ጥያቄውም ይቀየራል፦ «አሊ ሚ ጌልዲ?» የመጣው አሊ ነው ወይ?

«ያለፈ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው»
አሊ ሲገባ ያየ ሰው «ጌልዲ» ይላል። ጫማውን ደጃፍ ላይ አይቶ የገመተ፣ ወይም ከሰው የሰማ፣ «ጌልሚሽ» ይላል፦ ለካ መጥቷል፣ መጣ አሉ። ሐሜትና ተረት በብዛት የሚወሩት በዚህ በ«ሚሽ» ነው።