ካርቡሬተር ምንድን ነው? አሮጌ ሞተር ሳይክል አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚፈታው ዕቃ

አሥር ዓመት ቆሞ አቧራ የለበሰ ሞተር ሳይክል አለ እንበል። ባለቤቱ አንድ ቀን ልቡ ይነሳሳል። አዲስ ባትሪ ይገዛል። ትኩስ ቤንዚን ይሞላል። ማስነሻውን ይረግጣል፤ ዝም። ደግሞ ይረግጣል። ላቡ ጠብ እስኪል ይረግጣል። በመጨረሻ «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ሸራውን መልሶ ያለብሰዋል።

ብዙ ጊዜ የሞተ ነገር የለም። የመርፌ ጫፍ የምታክል አንዲት ቀዳዳ ተደፍናለች፣ በቃ። ቀዳዳዋ ያለችው ካርቡሬተር ውስጥ ነው።

ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር በልኩ ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀርብ ዕቃ ነው። ቤንዚን ፈሳሽ እንደሆነ አይነድም፤ የሚነደው እንፋሎቱ ነው። እንፋሎቱም ቢሆን አየር ካነሰው ወይም ከበዛበት እሺ አይልም። ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አየር ቀላል ነገር ነው። በሊትር ስናስበው 1 ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል 9 ሺህ ሊትር ገደማ አየር ይፈልጋል ማለት ነው። ሞተር ሳይክል ቤንዚን ጠጪ ነው እንላለን እንጂ ዋናው ምግቡ አየር ነው።

ይህን ሁሉ የሚለካው ዕቃ ደግሞ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ኤሌክትሪክ የለውም፣ ፓምፕ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። እንዴት ነው ታዲያ ቤንዚኑን የሚያወጣው?

ሞተሩ ውስጥ ላይ ታች የሚመላለሰው ፒስተን ወደ ታች ሲወርድ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። አየሩ የሚገባው በካርቡሬተሩ ጉሮሮ በኩል ነው። ጉሮሮው መሃል ላይ ይጠባል። ወንዝ ጠባብ ቦታ ሲደርስ እንደሚፈጥን ሁሉ አየሩም እዚያ ላይ ይፈጥናል። የፈጠነ አየር ግፊቱ ይቀንሳል። ዳንኤል በርኑሊ በፍጥነትና በግፊት መካከል ያለውን ይህን ግንኙነት በ1738 ጽፎታል። ጠባቡ ቦታም እስከ ዛሬ የሚጠራው በጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ በቬንቹሪ ስም ነው። ከጉሮሮው ሥር ቤንዚን የያዘች ትንሽ ሳህን አለች። ሳህኗ ላይ ያለው ግፊት የውጭው አየር ግፊት ስለሆነ፣ ግፊቱ ወደቀነሰበት ጉሮሮ ቤንዚኑን በቀጭን ቱቦ ገፍቶ ያወጣዋል። እዚያ የሚሮጠው አየር ይቀበልና ይበትነዋል።

ማየት የፈለገ ሁለት ስትሮ ይያዝ። አንዱን ውሃ ውስጥ አቁሙት። በሌላው አግድም ሆናችሁ የመጀመሪያው ጫፍ ላይ በኃይል ንፉ። ውሃው ሽቅብ ወጥቶ ይረጫል። የሽቶ መርጫም ሥራው ይኸው ነው። ቪልሄልም ማይባክ በ1893 ለጀርመን ሞተሮች የሠራው ካርቡሬተር በዚህ መንገድ ቤንዚን የሚረጭ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለት ሃንጋሪያውያን፣ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ፣ ተመሳሳይ ነገር ይዘው መጥተዋል። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ አየሩን በቤንዚን ላይ እያሳለፉ እንፋሎት የሚለቅሙ ነበሩ።

ወደ ሳህኗ እንመለስ። ውስጧ ተንሳፋፊ አለ። የውሃ ታንከር ውስጥ ያለችውን ኳስ አስታውሱ። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ይነሳና መግቢያውን በትንሽ መርፌ ይደፍናል። ሲጎድል ይወርድና ይከፍታል። መርፌዋ ከተጣበቀች ወይም ከተበላች ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። ቆሞ መሬቱን በቤንዚን የሚያርስ አሮጌ ሞተር ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሯት እሷን ነው።

ቤንዚኑ የሚወጣበት መንገድ ደግሞ አንድ አይደለም። ሞተሩ ቆሞ ሲያንጎራጉር፣ ማለትም ሚኒሞ ላይ ሲሆን፣ የሚመገበው እጅግ ጠባብ ከሆነች የናስ ቀዳዳ ነው። ጋዝ ስትሰጡ ጉሮሮውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ተንሸራታች ወደ ላይ ይነሳል። አብሮት ሾጣጣ መርፌ ይነሳና መካከለኛውን ፍጥነት ይመግባል። ጋዙን እስከ መጨረሻ ስትጠመዝዙ ልኩን የሚወስነው ዋናው ጄት ነው፤ ጄት ማለት በልክ የተበሳ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የናስ ዕቃ ነው። ይህን ክፍፍል ያወቀ ሰው ሞተሩ የሚለውን መስማት ይጀምራል። በቾክ፣ ማለትም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ቤንዚኑን በሚያበዛለት መሳቢያ፣ ይነሳል፤ ቾኩን ሲመልሱት ይጠፋል? የሚኒሞዋ ቀዳዳ ተደፍናለች። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት የሚያንቀው ከሆነ ደግሞ ዋናውን ጄት እዩት፤ ወይም ቤንዚን በበቂ አይደርሰውም።

የሚደፍነው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ራሱ ቤንዚኑ ነው። ቤንዚን አንድ ነገር አይደለም፤ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው። ሲቀመጥ ቀላል ቀላሉ ይተናል። የቀረው ከአየር ጋር እየተገናኘ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ሙጫ ይሆናል። ሽታውም ይለወጣል፤ አሮጌ ቀለም ቀለም ይላል። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም ብረቱን ይበላል። ሳህኗን ፈታችሁ ነጭ ዱቄት ካገኛችሁ ብረቱ ተበልቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ማጽዳቱ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። ካርቡሬተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ካንዴላው እሳት መስጠቱንና ፒስተኑ አየር ማመቁን አረጋግጡ። ሦስት ቀን ካርቡሬተር ሲያጥቡ ከርሞ ጥፋቱ የተበጠሰ ገመድ ሆኖ ማግኘት ያናድዳል። ሥራውን ደጅ ላይ ሥሩት፤ ሲጋራም ሆነ ምድጃ አጠገብ አይኑር።

ስትፈቱ በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። «አስታውሰዋለሁ» አትበሉ፤ አታስታውሱትም። ጃፓን ሠራሽ አሮጌ ሞተሮች ላይ ያለው የመስቀል ብሎን የተለመደውን ካቻቢቴ የሚወድ ይመስላል። አይወድም። የጃፓን መስፈርት የሆነ የራሱ ቅርጽ አለው። በሌላው ስትታገሉ ጭንቅላቱ ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ አለቀ። ትክክለኛውን ካቻቢቴ መግዛት ከጭቅጭቅ ያድናል።

ጎኑ ላይ ያለችውን የሚኒሞ ድብልቅ ማስተካከያ ብሎን ዝም ብላችሁ አትንቀሉ። መጀመሪያ በቀስታ አጥብቋትና እስክትቆም ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠሩ። ጻፉት። ስትገጥሙ መነሻችሁ ያ ነው። አጥብቃችሁ ግን አትጨቁኗት፤ ጫፏ ቀጭን ነው፣ ይበላሻል።

ላስቲክና ፕላስቲክ ሁሉ ከወጣ በኋላ ብረቱን በካርቡሬተር ማጠቢያ ዘፍዝፉት። ከዚያ እያንዳንዱን ቀዳዳ በተጨመቀ አየር ንፉ። ዓይናችሁን ሸፍኑ፤ ማጠቢያው ባላሰባችሁት ቀዳዳ ተመልሶ ይረጫል። ጄቱን ወደ ብርሃን አንሱና እዩበት። ክብ ብርሃን ካላያችሁ አልጸዳም።

ብረት ሽቦ አታስገቡበት። ይህን የምለው አስገብቼ ስለማውቅ ነው። የመጀመሪያውን ካርቡሬተሬን ሳጸዳ ትዕግሥት አልቆብኝ በልብስ መርፌ ጎረጎርኩት። ቀዳዳው ተከፈተ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሞተሩም ተነሳ። ከዚያ በኋላ ግን ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር፤ ካንዴላውም በየጊዜው በጥላሸት ይሞላል። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳውን አስፍቼው ኖሯል። ዴሎርቶ በሚባለው የጣሊያን ካርቡሬተር ጄት ላይ ቁጥሩ የቀዳዳውን ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ነው የሚነግራችሁ። 100 ያለው 1 ሚሊሜትር ነው፤ 105 ያለው 1.05። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሞተሩ ይሰማዋል። መርፌ የያዘ እጅ ግን ይህን አይለካም።

አማል፣ ቢንግ፣ ሚኩኒ፣ ኬሂን የሚል ጽሑፍ ያለበት የድሮ ካርቡሬተር ካላችሁ ለርካሽ ቅጂ አትለውጡት። ጄቱን፣ የተንሳፋፊውን መርፌና ማሸጊያ ላስቲኮቹን ቀይሩ፤ አካሉን አቆዩት። አንድ ነገር ብቻ ያሸንፋችኋል። ተንሸራታቹና የሚንሸራተትበት ቤት ለዓመታት ተፋትገው ከሰፉ፣ በዚያ ክፍተት አየር ይገባና ሚኒሞው መቼም አይረጋም። ያን ጊዜ ለባለሙያ ወይም ለምትክ ነው። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ላስቲክም አጥፋችሁ እዩት። ከተሰነጠቀ በዚያም አየር ይገባል፤ ጋዝ ስትለቁ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም።

የነዳጅ ሰልባትዮው ውስጡ ከዛገ ደግሞ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ዝገቱ በሳምንቱ ያችኑ ቀዳዳ መልሶ ይደፍናል። ሰልባትዮውን ሳያጸዱ ካርቡሬተር ማጠብ ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደመወልወል ነው።

ሞተሩ ከተነሳና ትንሽ ከተነዳ በኋላ ካንዴላውን ፈታችሁ ጫፉን እዩ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልኩን አግኝታችኋል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ይህኛው ነው የሚያስፈራው። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ገንዘብ ያባክናል፣ ይሸታል፣ ያጨሳል። ቤንዚን ያነሰው ግን ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስተን እስከመብሳት ይደርሳል። ስለዚህ ካልተረጋገጠላችሁ በትንሹ ወደ መብዛቱ ማዘንበል ይሻላል። ከባሕር ወለል በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። ቆላ ላይ ልክ የነበረው ጄት ደጋ ላይ ይበዛል፤ አነስ ያለ ቁጥር መግጠም ያስፈልጋል።

አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ይህን ሁሉ ለሴንሰርና ለኮምፒውተር ሰጥተዋል። ልኩ የተሻለ ነው፣ ጭሱም ያነሰ ነው። ግን መንገድ ላይ ሲቆም በካቻቢቴ አይፈታም።

የተጠገነውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሱ ቤንዚኑን ክፈቱና ትንሽ ጠብቁ፤ ሳህኗ ትሙላ። የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ከማስነሳታችሁ በፊት አሁን እዩት። ቾኩን ሳቡ። ጋዝ አትንኩ። ርገጡ። ከተነሳ በኋላም፣ ለወራት ልታቆሙት ካሰባችሁ፣ የቤንዚኑን መክፈቻ ዝጉና ከሳህኗ ሥር ያለችውን ብሎን ላላ አድርጉ። የቀረችው ቤንዚን ባዶ ዕቃ ውስጥ ትፍሰስ።