የኮራል ቀለም በቤት አኳሪየም ውስጥ ለምን ይለዋወጣል?

ከሱቅ ሲገዛ ሐምራዊ የነበረ አክሮፖራ የተባለ ኮራል ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። አጠገቡ ያለው ሞንቲፖራ የተባለ ሌላ ኮራል ደግሞ አረንጓዴነቱን ለቆ ይገረጣል። ውሃው ሲለካ ሁሉም ነገር ኖርማል ነው። ቤታቸው ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎችን ከሚያስጨንቁ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው፤ የጄሊፊሽ ዘመድ። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን አካላቱ ተያይዘው ይኖራሉ፤ ከሥራቸውም ጠንካራ አፅም ይገነባሉ። ቀለሙ በዋናነት ከሁለት ነገር ይመጣል። አንዱ ሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ዙዛንቴላ የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ናቸው። ቡናማ ናቸው፤ በብርሃን ምግብ እየሠሩ ለኮራሉ ያካፍላሉ። ሌላው ኮራሉ ራሱ የሚሠራቸው ባለቀለም ፕሮቲኖች ናቸው። አረንጓዴው፣ ሮዙና ሐምራዊው በአብዛኛው የእነሱ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ የእነዚህ ፕሮቲኖች ነገር ከአኳሪየም በጣም ርቆ ሄዷል። የመጀመሪያው፣ አረንጓዴ የሚያበራው፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ከጄሊፊሽ ተለይቶ ታወቀ። በ2008 ኦሳሙ ሺሞሙራ፣ ማርቲን ቻልፊና ሮጀር ቺየን በእሱ ሥራ የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰዱ። ቀዩ ደግሞ በ1999 ይፋ የሆነው ከዲስኮሶማ ነው። ዲስኮሶማ ዛሬም ለጀማሪ የሚሸጥ ርካሽ የኮራል ዘመድ ነው።

ቡናማነት ብዙውን ጊዜ የአልጌው መብዛት ነው። ለአልጌው ምግብ የሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት ውሃው ውስጥ ሲጨምሩ አልጌው ይራባል፤ የኮራሉም ቀለም ከሥሩ ይዋጣል። ብርሃን ሲያንስም እንዲሁ። ፖል ፋልኮውስኪና ዝቪ ዱቢንስኪ በ1981 ባወጡት ጥናት ከኤይላት ባሕረ ሰላጤ የመጣ ስታይሎፎራ የተባለ ኮራል አነጻጽረዋል። በጥላ ያደገው ጠቆር ያለ፣ ብዙ ክሎሮፊል የያዘ ነበር። ብርሃን የጠገበው ደግሞ ፈዘዝ ያለ ነው። ስለዚህ ቡናማ ኮራል የግድ ታሟል ማለት አይቻልም። ባለቤቱን ያናድዳል እንጂ እሱ ደህና ሊሆን ይችላል።

መገርጣት ግን ያሳስባል። ብርሃን ሲበዛ፣ ሙቀት ሲጨምር ወይም ምግብ ሲጠፋ አልጌው ይቀንሳል። የፎስፌት ንባብ ዜሮ ሲሆን የሚደሰት ብዙ ነው፤ እኔ እንደ መጥፎ ዜና ነው የማየው። ዮርግ ቪደንማንና ባልደረቦቹ በ2013 እንዳሳዩት፣ ናይትሬት እያለ ፎስፌት ሲጠፋ ኮራል ለሙቀትና ለብርሃን ይበልጥ ይጋለጣል። የዚያው የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2020 ደግሞ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አብራርቷል። አንዳንድ ኮራል አልጌውን ሲያጣ ነጭ ከመሆን ይልቅ በደማቅ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ያሸበርቃል። አልጌው ሲወጣ ሥጋው ውስጥ የሚንጸባረቀው ብርሃን ይጨምራል፤ በተለይ ሰማያዊው ብርሃን ኮራሉ መከላከያ ቀለም በብዛት እንዲሠራ ይገፋፋዋል። በድንገት ያማረ ኮራል ሁሉ ተመችቶታል ማለት አይደለም።

ታዲያ መንስኤው ለምን ይጠፋል? ቀለም ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። ዛሬ የሚታየው ለውጥ ከሳምንታት በፊት የተነካካ ነገር ውጤት ሊሆን ይችላል። በዚያ መሃል ባለቤቱ መብራቱን ቀይሯል፣ ምግብ ጨምሯል፣ አዲስ ማጣሪያ አስገብቷል። የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? አንዳንዱ ጥፋት ደግሞ ጥፋት አይመስልም። አክቲቭ ካርቦን (ውሃ የሚያጠራው ከሰል) ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲታደስ ውሃው ላይ የነበረው ቢጫነት ይጠፋል። ብርሃኑም በአንዴ ጠልቆ ይገባል። አርጅቶ የደከመ ቲ-5 የተባለ የፍሎረሰንት አምፖል በአዲስ ሲተካም ያው ነው። የውሃ መለኪያው ይህን አያሳይም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ፣ ቀኑን ጽፎ፣ በአንድ ዓይነት መብራት ፎቶ እያነሱ ጥቂት ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። ሰው ግን ትዕግሥት የለውም፤ በማግሥቱ ውሃው ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር በጠርሙስ ገዝቶ ይመጣል።

ለማመሳከሪያ ያህል፣ ብዙዎች የሚይዙት ጨዋማነት በሺህ 35፣ ሙቀት ከ25 እስከ 26 ዲግሪ፣ ካልሲየም በሊትር 420 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢለይ ችግር የለውም። የሚጎዳው መዋዠቁ ነው፤ በተለይ የአልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም።

ቀለሙ ጭራሽ ያልተቀየረበት ጊዜም አለ። ሱቅ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ሥር የሚያበራ ኮራል ነጣ ባለ የቤት መብራት ሌላ ይመስላል። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የተባይ ነው፤ አክሮፖራ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል ቀይ ተባይ አለች። ኮራሉን ታደበዝዘዋለች፣ ፖሊፑም ወደ ውስጥ እንዲሸሸግ ታደርጋለች። በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በቀላሉ አትታይም።

ነጭ የሆነ ኮራል ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚታየው ሥጋው ነው። አፅሙ ላይ ስስ ሽፋን ካለና ፖሊፑ ከወጣ፣ አልጌውን እንጂ ሕይወቱን አላጣም። መብራቱን ቀነስ አድርጎ፣ ትንሽ መግቦ መጠበቅ ነው፤ ቀለሙ እስኪመለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሥጋው ከሥር ጀምሮ እየተላጠ ባዶ አፅም ከቀረ ግን ጉዳዩ የቀለም አይደለም። ያኔ ጤነኛውን ጫፍ ቆርጦ ለብቻው መትከል ነው፤ ከተቻለም ሌላ አኳሪየም ውስጥ።