ከጉሉኮስ ጠብታ ወደ ቲማቲም መደብ፦ ማዳበሪያ ስለሚመጥኑ ሴንሰሮች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጉሉኮስ የተሰካለት ሰው ያስታመመ ሁሉ ጠብታ መቁጠር ያውቃል። ያንኑ ቱቦ ከጠብታ ቆጣሪ ሴንሰር፣ ከትንሽ ፓምፕና ከአንድ አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር አገናኝቶ የጓሮ አትክልት ማዳበሪያ በራሱ እንዲመጠን ማድረግ ይቻላል። ሥራውን የሚያበላሹት አብዛኛውን ጊዜ ዕቃዎቹ ሳይሆኑ ስለ ዕቃዎቹ የሚታመነው ነገር ነው።

«ጠብታው ከተቆጠረ መጠኑ ታወቀ»

የተለመደው ቱቦ ማሸጊያ ላይ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ነው ይላል፤ ጠብታው ደቃቅ የሆነው ደግሞ 60። ቁጥሩ የወጣው ለውሃና ውሃ ለሚመስል ፈሳሽ ነው። አረፋ የሚያወጣ ፈሳሽ ማዳበሪያ ጠብታው ያንሳል። ስለዚህ በራሱ በማዳበሪያው 200 ጠብታ ሲሪንጅ ውስጥ ተቀብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ 10 ሳይሆን 8 ሚሊ ሊትር ከሆነ ፕሮግራሙ ላይ የሚጻፈው ለ1 ሚሊ ሊትር 25 ጠብታ ነው።

ሌላው ጣጣ ፀሐይ ናት። ሴንሰሩ በግልጹ የጠብታ ክፍል ግራና ቀኝ የሚቀመጥ የኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) መብራትና ተቀባይ ነው። ቀትር ላይ ተቀባዩ በፀሐይዋ ኢንፍራሬድ ይታወራል፤ ቆጠራው ይቆማል፤ ፕሮግራሙም «ገና አልሞላም» እያለ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ክፍሉን በጥቁር ፕላስተር መጠቅለል፣ ከዚያም በኮዱ ውስጥ የጊዜ ገደብ ማስገባት ይገባል፦ በ20 ደቂቃ ማለቅ ያለበት መጠን 30 ደቂቃ ከፈጀ፣ ቆጣሪው ምንም ይበል ምን፣ ይዘጋ።

«ኢሲ መለኪያው ማዳበሪያው መድረሱን ይነግረኛል»

የኩላሊት እጥበት ማሽን የሚቀላቅለውን ፈሳሽ የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን እየለካ ነው። ኢሲ ማለት ይኸው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ነው፤ ኢሲ መለኪያም የሚሠራው እንዲሁ ነው። መለኪያው ግን የሚያየው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ጨዎችን ብቻ ነው፤ ዩሪያ ደግሞ ሲሟሟ እንደ ጨው ወደ አዮን አይከፋፈልም። አንድ እፍኝ ዩሪያ ባልዲ ውስጥ ቢበተን ንባቡ እምብዛም አይንቀሳቀስም። «ኢሲው 2 ሚሊ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ጨምር» ተብሎ የታዘዘ ፓምፕ ቋቱን ጨርሶ ያፈስና ችግኙን ያቃጥላል።

ለዩሪያ የሚያዋጣው መጠን መለካት ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። 100 ግራም በጥቂት ውሃ ይሟሟል፤ በሚሟሟበት ጊዜ ውሃው በጣም ይቀዘቅዛልና ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጠብቆ 1 ሊትር ድረስ ይሞላል። አሁን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 46 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን አለው። ለ20 ሊትር ጀሪካን፣ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ከተፈለገ፣ የሚያስፈልገው 2000 ሚሊ ግራም ስለሆነ 43.5 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ ባለ 20ው ቱቦ 870 ጠብታ መሆኑ ነው። ከቆጠራው ይልቅ ቋቱን የክብደት ሴንሰር ላይ ሰቅሎ 45 ግራም ገደማ ሲቀንስ ማስቆም ይበልጥ ያስተማምናል።

ጨው የሆኑ ማዳበሪያዎች ሲሆኑ ኢሲ መለኪያ ድንቅ ዕቃ ነው፤ 1413 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር በሚያሳየው የማስተካከያ ፈሳሽ በ25 ዲግሪ ይስተካከል። ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ንባቡ 2 በመቶ ያህል እንደሚያድግም አይረሳ።

«ሁሉንም አንድ ቋት ውስጥ መቀላቀል ይቻላል»

አይቻልም። የእጥበት ማሽኑም አሲዱንና ባይካርቦኔቱን በተለያየ ዕቃ የሚያስቀምጠው ካልሲየሙ እንዳይዘቅጥ ነው። ካልሲየም ናይትሬት ከሰልፌት ወይም ከፎስፌት ጋር በወፍራሙ ከተገናኘ ነጭ ዝቃጭ ሠርቶ ቱቦውን ይደፍናል። የአበባ እርሻዎች «ኤ» እና «ቢ» ቋት የሚለዩት ለዚሁ ነው። በየቀበሌው የሚከፋፈለው ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ደግሞ ለማሳ እንጂ ለቀጭን ቱቦ የተሠራ አይደለም፤ ዝቃጩ ያስቸግራል።

«ፓምፑ አንዴ ከተስተካከለ አበቃ»

ፔሪስታልቲክ ፓምፕ ቱቦውን በሮለር እየጨመቀ ይገፋል። ሆስፒታል ቱቦውን ቶሎ ቶሎ ይጥላል፤ ጓሮ ውስጥ ግን ለወራት ይጨመቃል፣ መለጠጡን ያጣል፣ የሚያወጣው መጠንም ይቀንሳል። በየወሩ 60 ሰከንድ ሲሪንጅ ውስጥ አስፈስሶ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ፣ አማካዩን መመዝገብ ነው። ያረጀ ቱቦ በደንብ ስለማይዘጋ፣ ቋቱ ከመደቡ በላይ ከተሰቀለ ሌሊቱን ሙሉ ፈስሶ ሊያድር ይችላል። ቋቱን ከመደቡ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

«ከሆስፒታል የተጣለ ቱቦ ምን ችግር አለው?»

ደም የነካው ሊሆን ይችላል። አዲሱን ከፋርማሲ ይግዙ።

«እንደ ኢንሱሊን ፓምፕ ራሱን ይመራል»

ራሱን የሚመራ ኢንሱሊን ፓምፕ የሚታዘዘው በስኳር ሴንሰር ነው፤ ሴንሰሩም ስኳርን ብቻ የሚለይ ኤንዛይም አለው። ኢሲ መለኪያ ግን ናይትሮጅኑን ከገበታ ጨው አይለይም። ስለዚህ የመጠኑን ጣሪያ የሚወስነው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመብራት መጥፋት ነው፦ መብራት ተመልሶ ሲመጣ አርዱዊኖው ከዜሮ ይነሳና ጠዋት የሰጠውን እንደገና ይሰጣል። መብራት ቢጠፋም በራሱ ባትሪ ሰዓት የሚቆጥር የእውነተኛ ሰዓት ሞጁል ይገጠምለት፤ የመጨረሻው መጠን የተሰጠበት ቀንና ሰዓት በኢኢፕሮም (መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ የአርዱዊኖው ማስታወሻ) ላይ ይጻፍ፤ ፕሮግራሙም ሲነሳ መጀመሪያ እሱን ያንብብ።